የነጯ መኪና ካርቡራተር

«ካልተመለስኩ» ብሎ የሄደ ሰው፣ እስከ መቼ ሳይመጣ ሲቀር ነው አልተመለሰም የሚባለው?

ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልችልም። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን አንደኛ ክፍል በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ ነው፤ ቀን ሰው ቤት እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ደብተሬን ታቅፌ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ በተጻፈ ነገር አይቀልድም። ሌላው ገጽ እየዘለለ ያነባል፤ እኔ አራት ነጥብ እንኳ አልዘልም። የመኪናዬን የጥገና መጽሐፍ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ለሁሉም ነገር ቁጥር አለው። ዘይት ስንት ኪሎ ሜትር ሲነዳ እንደሚቀየር፣ የካንዴላው ጥርስ ምን ያህል እንደሚራራቅ፣ የትኛው ብሎን ምን ያህል እንደሚጠብቅ፣ ሁሉም ተጽፏል። ያ ሰው ግን «ካልተመለስኩ» ብሎኝ ቁጥሩን ሳይነግረኝ ሄደ።

«መኪናዬ» ስል የሚስቅ አይጠፋም። አሮጌ ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ቀይ፣ ጣሪያዋ ወገቤን በትንሹ የሚያልፍ፣ ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና። ያገኘኋት ሰሜን ክፍለ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ነው። ዶሮዎች የተሳፋሪው ወንበር ላይ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። ባለቤቱ ሲሸጥልኝ «ዶሮዎቹን አልጨመርኩም፣ አደራ» አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ግቢያችን ድረስ ተጎትታ ስትገባ እጁን አፉ ላይ ጭኖ አያትና፣ «ይቺ መኪና ናት ወይስ ጫማ?» አለ። መጽሐፉን ያገኘሁት ከመኪናዋ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጥጉን አይጥ በልቶታል። እንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት። በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እሱ ነው። ዓዲ ሓቂ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ፍልስፍና የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቷል፤ እንደዚያ ተጠንቅቆ የተጻፈ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

መቀሌ ውስጥ የስፖርት መኪና ያለን ሰዎች ለአንድ ባጃጅ እንበዛለን፣ ለሁለት እናንሳለን። ቢሆንም ማኅበር አለን። ሰብሳቢያችን የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፤ እንደ ጽዋ ማኅበር አለቃ «ሙሴ» ነው የምንላቸው። በሳምንቱ መሐል በቴሌግራም እንጠያየቃለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ካፌ ፊት ለፊት መኪኖቻችንን ደርድረን ኮፈን እንከፍታለን፣ ማኪያቶ ይዘን የየሰዉን ሞተር እንተቻለን።

«የእኔ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ምን ይሻለኛል?» ይላል አንዱ።

«ሸጠህ በቅሎ ግዛ» ይለዋል ሌላው።

የቢጫዋ መኪና ባለቤት ፋርማሲስት ነው። ለሰው እንደየሕመሙ መድኃኒት ይሰጣል፤ ለመኪና ግን የሚያዘው አንድ ብቻ ነው፤ ማስቲሽ። ዘይት ሲያንጠባጥብ ማስቲሽ፣ አየር ሲያስገባ ማስቲሽ። በሁለት ብረት መካከል ገብታ የምትዘጋ ጓርኒሲዮን የምንላት ስስ ክርታስ አለች። መጽሐፉ እሷ ደረቅ ትግባ፣ ምንም አይቀባባት ይላል። እኔም ይህንኑ ከነገጹ እጽፋለሁ። «መጣች! ዛሬ ደግሞ ገጽ ስንት ነው?» ይለኛል። ሌሎቹ የሚስቅ ፊት ይለጥፋሉ። እኔ ገጹን እጽፍለታለሁ።

የነጯ መኪና ባለቤት ግን ሌላ ሰው ነበር። የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነው። ነጯ መኪናው ከእኔዋ ጋር አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሞዴል ስለሆኑ የአንዷ ዕቃ ለሌላዋ ይሆናል። «ሓፍተይ መጽሐፍ» ይለኝ ነበር፤ እህቴ መጽሐፍ ማለቱ ነው፤ እሱ ሲለው ስድብ አይመስልም። ማኅበራችን በፍጥነት መንዳት የሚለማመድበት ሜዳ ከሰሜን ወጥቶ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አስፋልቱ ተነጥፎ ፋብሪካዎቹ ሳይሠሩ የቀሩበት ሰፊ ቦታ ነው። ጠባቂዎቹን አስፈቅደን ባዶ በርሜል ደርድረን አንድ በአንድ ዙር እንነዳለን። መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም መታጠፊያ ላይ እፈራ ነበር። ፍጥነቱ ይመቸኛል፤ በርሜሉ ነው የሚያስፈራኝ። ሁልጊዜ ሄጄ የምገጨው እሱኑ ነው። ቀያሹ አጠገቤ ተቀምጦ፣

«ዓይንሽን በርሜሉ ላይ አትትከዪ። መኪና የሚሄደው ዓይን ወደሚሄድበት ነው። መውጫውን እዪ» አለኝ።

«መጽሐፉ እንዲህ አይልም።»

«መጽሐፉ ዓይን የለውማ!»

መውጫውን አየሁ። በርሜሉ በጎኔ አለፈ። ከዚያ ቀን በኋላ መታጠፊያ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መኪና ያለው ሰው ሁሉ ትወሰድብኛለች ብሎ ይሰጋ ጀመር። አንዱ ጎማ ያወልቃል፣ ሌላው ባትሪ ይቀብራል። ሙሴ ያለነውን ሰብስበው አንድ ሥርዓት አወጡ።

«እያንዳንዳችሁ ከመኪናችሁ አንድ ዕቃ ፍቱ፤ ያለሱ የማትሄደውን። ከማኅበሩ ለአንዱ አደራ ስጡት። ለዘመድ አይሆንም። ዘመድ ሲፈራ ይናገራል፣ ሲቸግረው ይሸጣል። የተቀበለም ሰው ለሰጠው እጅ ብቻ ይመልስ። ሚስት ብትመጣ፣ ወንድም ቢመጣ፣ ታቦት ቢመጣ አይሰጥም።»

«ኣያ፣ ታቦቱን እንኳ ይተዉት» አለ ፋርማሲስቱ። ያን ቀን የሳቅነው በዚህ ብቻ ነው።

እኔና ቀያሹ ተለዋወጥን። ሁለታችንም የፈታነው ካርቡራተሩን ነበር፤ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለውን ዕቃ። በሁለት እጅ መዳፍ ላይ ያርፋል። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ተዘግቶ ስለነበር በሩ ላይ ቆመን ተቀባበልን። እኔ የራሴን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ብሎኖቹን በየፖስታው ከፋፍዬ፣ በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ የየት ብሎን እንደሆነ ጽፌ ነበር። እሱ የራሱን ያመጣው በሚስቱ አሮጌ አረንጓዴ ሻሽ ጠቅልሎ ነው። ፖስታዎቹን አይቶ በጣም ሳቀብኝ።

«ወላጆቼን ከገጠር ላመጣ ነው» አለኝ። «በእግሬ ነው የምሄደው።»

«መቼ ትመለሳለህ?»

«እሱን እግሬ ይወቀው።»

ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞር አለ። «ስሚ ሓፍተይ መጽሐፍ፤ ካልተመለስኩ ግጠሚውና ንጂው። ቆሞ አይዛግ።»

እስከ መቼ ካልተመለስክ? ልለው ፈልጌ ነበር። ቃሉን በአፌ ውስጥ ሳስተካክል እሱ ከመታጠፊያው ደረሰ። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ጮኼ አላውቅም።

ወላጆቹ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሌሎች ሰዎች ጋር ወደ ከተማ መጡ። እነሱ ጋ አልደረሰም ነበር። መንገድ ላይ አየሁት ያለ ሰው የለም። መርዶም አልመጣም።

ሰላም ወርዶ ቤንዚን ወደ ከተማው መግባት ሲጀምር ሙሴ ካፌው ጠሩን። ሁሉም አደራውን ይዞ መጣ። አንዱ የያዘውን ዕቃ ጤፍ ውስጥ ቀብሮት ስለነበር ከየቀዳዳው ጤፍ እየፈሰሰ ጠረጴዛውን ሞላው። የሙሴን የመኪና መሪ የያዘው ፋርማሲስቱ ነበር። ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መሐሉ ላይ የሰርጉን ፎቶ ለጥፎበት ኖሯል። «ሊፈትሹ የመጡ ሰዎች ‹ደስ የሚል ፍሬም ነው› ብለውኛል» አለ። ሙሴ መሪያቸውን ተቀብለው ከነፎቶው አቀፉት። ተሳስቀን፣ ተላቅሰን ጨረስን። እኔ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዚፑን ሳልከፍት ተቀምጬ ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

የእኔ ካርቡራተር የት እንደተደበቀ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሚስቱ ቤቱን ሁሉ ፈልጋ አላገኘችውም። ሙሴ ከአንድ ፒካፕ የተፈታ ካርቡራተር አምጥተውልኝ ገጠምነው። ቀይዋ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች። ፈትቼ መለስኩላቸው። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ወደ ማኅበሩ የምሄደው በባጃጅ ሆነ። የስፖርት መኪና ባለቤት ተብላ ከባጃጅ የምትወርድ እኔ ብቻ ነኝ።

«ይቺ ደግሞ ብርቅ ሞዴል ናት» ይላል ፋርማሲስቱ ባጃጇን እየዞረ እያየ። «ሦስት ጎማ! ካርቡራተሯ የማን ነው?»

መጀመሪያ ሰሞን ስለዚያ ዕቃ ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረኝም፤ ሁሉም የሚጠብቀው ሰው ነበረውና። እያደር ግን የየሰዉ መጠበቅ አለቀ። አንዱ ጋ መርዶ ገባ፣ ሌላው ጋ ሰውየው ራሱ መጣ። ያልመጣም መርዶው ያልተሰማም የእኔው ሰውዬ ብቻ ቀረ። ያኔ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ያ ዕቃ ለመኪናሽ ልክ አይደለም እንዴ? ግጠሚው እንጂ።»

«የሰው ነው።»

«የሰው፣ የሰው… በእጅሽ ያለ ነው እኮ!»

«በእጄ ያለ የሰው ነው።»

ስለ እኔና ስለ እሱም የሚወራ ነገር እንዳለ እሰማለሁ። ያላገባች ሴት የአንድ ባለትዳር ዕቃ ይዛ አልሰጥም ስትል ሰው ሌላ ምን ያስባል? አላስተባበልኩም። የማስተባብለው የተደረገ ነገር ሲኖር ነው። በየወሩ መጨረሻ ካርቡራተሩን ከሻሹ አውጥቼ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርጌ፣ መዝጊያውን ከፈት ዘጋ አድርጌ መልሼ እጠቀልለዋለሁ። አንድም ቦታ አልዛገም።

ነገሩ የከረረው ባለፈው የሜዳ ቀን ነው። በመቀሌ ሾፌር ላይ አንድ በሽታ አለ፤ ቤንዚን በጠብታ በሚቆጠርበት ዘመን የያዘን ነው። ቁልቁለት ባየን ቁጥር ማርሹን አውጥተን በፎሌ እንለቃለን፤ መኪናዋ ሞተሩ ሳይጎትታት በራሷ ክብደት ትወርዳለች። ቤንዚን አሁን ቢኖርም እጃችን አልረሳውም። እኔ ከዋዜማው በቴሌግራም ጽፌ ነበር። «ሁለተኛው መታጠፊያ ቁልቁል ነው። በፎሌ የገባ መኪና ጎማውን የሚይዝለት ሞተር የለውም፤ ይዞራል። ማርሽ ውስጥ ሁናችሁ ግቡ።» ፋርማሲስቱ «ለደም ግፊት ጥሩ ምክር ነው» ብሎ መለሰልኝ።

በነጋታው ቢጫዋን እያጓራ መጣ፣ መጀመሪያውን መታጠፊያ አሳምሮ ዞረ፣ ቁልቁለቱን ሲያይ ግን እጁ ብቻውን ሄዶ ማርሹን አወጣ። ቢጫዋ እንደ እንዝርት ዞረችና አንዱን በርሜል በጀርባዋ ገጭታ ቆመች። ሰው አልተጎዳም፤ በርሜሉ ተንከባሎ የጠባቂዎቹ ጎጆ ደጃፍ ደረሰ። ፋርማሲስቱ ወርዶ የተጣመመውን መከላከያ ሲያይ አጠገቡ ሄጄ፣

«ገጽ ስንት ነበር?» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬስ ተዪኝ በጃኺ!» አለኝ። ሳቁ ግን አመለጠው።

ገና እየተሳሳቅን ሳለ ሙሴ አንድ ሰው አስከትለው መጡ። የቀያሹ ታላቅ ወንድም ነው። ሰላምታውን በትግርኛ ጀመረ፤ «ከመይ ኣለኺ፣ ሓፍተይ» አለኝ። ሁሉም እንዲሰማው ሲፈልግ ወደ አማርኛ ዞረ።

«ነጯን የሚገዛ ሰው አግኝተናል። ሞተሯ ሲነሳ ካየ ብቻ ነው የሚወስዳት። ያንን ዕቃ ስጪኝ።»

«የምመልሰው ለሰጠኝ እጅ ነው።»

«እጁማ የለም።»

«የለም ያለህ ማን ነው?»

ክፉ ሰው አይደለም፤ መጠበቅ የደከመው ሰው ነው። «ተዝካሩን ልናወጣ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚስቱም ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ ሸዋ ትሂድ፤ ገና ልጅ ናት። መኪናዋ ተሽጣ ነገሩ ይዘጋ። የሰው ነገር ተከፍቶ አይቀርም።»

ሙሴ ጣልቃ ገቡ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኔው ላነሳው እችላለሁ። ይኸው አንስቻለሁ።»

እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር አልወድም። ያን ቀንም አላደረግሁም፤ ግን ሁሉም ሰማኝ።

«ሥርዓቱን ያወጡት ሊወስድ የሚመጣ ሰው ሲመጣ እንዲያገለግል ነበር፣ ኣያ። ይኸው መጣ።»

ወንድምየው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «ግትር!» አለና ሄደ። እኔም በባጃጄ ሄድኩ።

ሁሉም ግትርነቴን ያወቁት መሰላቸው፤ ምክንያቱን ግን ማንም አያውቅም ነበር። ቀያሹ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የነገረኝን ቃል ለሰው ትንፍሽ አላልኩም። ፈቃድ ነበረኝ። «ግጠሚውና ንጂው» ብሎኛል። በዚያች ቃል ቀይዋን አስነስቼ እሑድ እሑድ በባጃጅ ከመውረድ መዳን እችል ነበር። ነገር ግን ፈቃዱ «ካልተመለስኩ» በሚል ቃል ታስሮ ነው የተሰጠኝ። በገጠምኩ ቀን አልተመለሰም ብዬ እኔ ፈረድኩ ማለት ነው። ቃሉን ባወጣሁት ቀን ደግሞ ወንድምየው «አያችሁ፣ እሱ ራሱ አውቆት ነበር» ይላል፤ ተዝካር ይወጣል፣ ነጯ ትሸጣለች፣ ሚስትየዋ ሸዋ ትላካለች። አስከሬን ያልታየበትን፣ ምስክር ያልቆመበትን ሰው እኔ በአፌ ልቅበረው? መርዶ ነጋሪ አልሆንም። ግትር ቢሉኝ ይሻለኛል።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ሚስቱ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች።

እስከዚያ ቀን ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ጥቁር አልለበሰችም። አለመልበሷ በሰፈሩ የሚነገርባት ነገር ነው። ነጯን በየሳምንቱ እንደምታጥብም ይነገርባታል። «የማትነሳ መኪና ታጥባለች» ይላሉ። የተቀደዱ መጻሕፍት ወደምጠግንበት ክፍል አስገባኋትና በሩን መለስ አደረግሁ።

«አማቼ እኔ ቤት መጥቶ ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራው። «ግትር ናት አለኝ። ደስ አለኝ።»

«ዕቃውን ልትወስጂ ነው?»

«አይ። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ሲሰጥሽ ምን አለሽ?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «ስጪ» ያለኝ ብዙ ነው፣ «ግጠሚ» ያለኝ ብዙ ነው፤ ሲሰጥሽ ምን አለሽ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። እጄ ላይ የነበረውን የሙጫ ብሩሽ አስቀመጥኩ። ለእሷ መዋሸት አልችልም፤ ዝም ማለትም ያን ቀን አልቻልኩም።

«‹ካልተመለስኩ ግጠሚውና ንጂው፤ ቆሞ አይዛግ› ነው ያለኝ።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ከፊቷ የነበረውን ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ጠርዝ በጣቷ ስታስተካክል ቆየች።

«ለእኔ ‹መጣሁ› ብቻ ነው ያለኝ» አለች። «ገበያ እንደሚሄድ ሰው። ‹ካልተመለስኩ› የሚለውን ለእኔ አላለውም። እሱንም ላንቺ አደራ ሰጥቶሽ ሄደ።»

«እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም። ስለዚህ አልገጠምኩትም። ከገጠምኩት…»

«ከገጠምሽው ሞተ ያልሽ እየመሰለሽ።»

«አዎ።»

«‹ከሞትኩ› አለሽ?»

«አላለኝም።»

«ዛሬ ተመልሷል?»

«አልተመለሰም።»

«አልተመለሰም» አለች ተቀብላኝ። «ይኼን ማለት እኮ መቅበር አይደለም። እኔ በየማታው በሩን ስዘጋ የምለው ነው፤ ዛሬ አልተመለሰም እላለሁ፣ ጠዋት እከፍታለሁ። እንዳለሽ አድርጊ። ሲመጣ ፈትተሽ ትሰጪዋለሽ። በስንት ብሎን ነው የሚታሰረው?»

«በአራት።»

«አራት ብሎን መፍታት ያቅትሻል?»

ይህን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ ሳገላብጥ ብሎን የሚጠብቅበትን ቁጥር እንጂ፣ ብሎን የተፈጠረው ሊፈታም ጭምር መሆኑን አላሰብኩም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት።

«ነጯስ? እሱ ለነጯ ነው የሚያስፈልገው። ሌላ አይገኝላትም።»

ያን ጊዜ ነው የሳቀችው፤ ቤተ መጻሕፍት መሆኑን ረስታ፣ ጮክ ብላ።

«ነጯማ ሳትነሳ ትቆማለች! የማትነሳ መኪና ማን ይገዛል? ያን ጊዜስ እንዲህ አይደል ያተረፋችኋት? አማቼ ካርቡራተሩን ከፈለገ መጥቶ ከቀይዋ ላይ ይፍታ። አንቺ ደግሞ ለማን እንደምትመልሺ ታውቂያለሽ።» ከዚያ ረጋ ብላ ጨመረች፤ «ሸዋም አልሄድም። ቤቴ እዚህ ነው። እሱ ሲመጣ የሚያንኳኳው በር ሸዋ የለም።»

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። በባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድን። ካርቡራተሩን ከሻሹ ሳወጣ ሻሹን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ አሸተተችው፣ «ቤንዚን ብቻ ነው የሚሸተው» አለች፣ አጥፋም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የቀይዋን ኮፈን ከፈትኩ። ጓርኒሲዮኗን ከአዲስ ክርታስ ለክቼ ቆረጥኩ። እሷ አሥራ ሦስት ቁጥሯን መፍቻ ይዛ ታቀብለኛለች።

«ያ ፋርማሲስት ማስቲሽ ይቀባል ሲል ሰምቻለሁ» አለች።

«አንቀባም» አልኳት። «ማስቲሽ የነካው ነገር ሲፈታ ይቀደዳል።»

ደረቋን አስቀመጥኳት። አራቱን ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ከዚያ ሳላልፍ ከዚያም ሳላጎድል አጠበቅሁ። ቁልፉን ሳዞር ቀይዋን መጀመሪያ አሳላት፣ ደግሞ አሳላት፣ ከዚያ ተነሳች። ወንድሜ ከቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቀልድ ይፈልግ ነበር መሰለኝ፤ አላገኘም። እሷ ዶሮዎቹ እንቁላል ይጥሉበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጣ በሩን ዘጋች። የግቢው በር ጠባብ ነው፤ ስንጠጋው ዓይኔ የግራው ምሰሶ ላይ ቀረ።

«መውጫውን እዪ» አለችኝ። ከማን እንደሰማችው አልጠየቅኋትም።

መፍቻዋን ወደ ዕቃ ሳጥኗ አልመለስኳትም። በመኪናዋ ኪስ ውስጥ፣ ከመጽሐፉ ጋር አስቀመጥኳት። ሲመጣ እንዳንፈልጋት።